ጥያቄና መልስ፦ ከቦርከና እስከ ሐይቅ

ክረምቱ ሲቃረብ ስለ ወንዝ፣ ስለ ምንጭና ስለ ሐይቅ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበዛሉ። ለዚህ እትም ከወሎ የተላኩትን መርጠናል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ሰጥተናል፤ ሌሎቹ የሐይቅ ዳር ገበሬዎች የጠየቁትንም አብሮ ስለሚመልስ ነው።

ጥያቄ፦ ማሳዬ ሐይቅ ዳር ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በሞተር እያጠጣሁ አመርታለሁ። የግብርና ባለሙያዎቹ «ከውሃው ራቁ፣ ባፈር ተዉ» (በማሳውና በውሃው መካከል የማይታረስ መሬት) ይሉናል። ስንት ሜትር ልተው? የተውኩትስ መሬት ጦም ሊያድር ነው? ጎረቤቴ እስከ ውሃው ጫፍ እያረሰ እኔ ብቻዬን ብተው ምን ለውጥ ያመጣል? (ከተሁለደሬ)

መልስ፦ መጀመሪያ «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቃችሁ እንደ ሌላ ውሃ እንዳልሆነ ይወቁ። ከአርዲቦ ሐይቅና ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ውሃ ይገባበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውሃው በአብዛኛው በትነት ይሄዳል፤ ማዳበሪያው ግን አይተንም። ወንዝ ዳር ያለ ገበሬ ያጠፋውን ጎርፍ ይወስድለታል፤ ሐይቅ ዳር የጠፋ እዚያው ይቀመጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎች ሳህን በገመድ አስረው ወደ ሐይቁ ሲያወርዱ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይታያቸው ነበር። በኋላ የተደረጉት ልኬቶች ይህ ወደ ጥቂት ሜትሮች መውረዱን አሳይተዋል። ጥፋቱ ሁሉ የማዳበሪያ አይደለም፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ከተጨመረበት በኋላ በሐይቁ ውስጥ ማን ምን እንደሚበላ ተቀይሯል። የዳሩ እርሻ ግን በእጃችሁ ያለው ክፍል ነው።

ሂሳቡን እንየው። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ 38 በመቶ ተብሎ የሚጻፈው የፎስፈረስ ኦክሳይድ ነው፤ ንጥሩ ፎስፈረስ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ አፈሩ ሲታጠብ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ኩንታል አንድ አሥረኛው ታጥቦ ሐይቅ ቢገባ 1.6 ኪሎ ነው። 1 ኪሎ ፎስፈረስ እስከ 500 ኪሎ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ስለሚችል ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያዎ የሾለከችው ጥቂት ብቻ ወደ 8 ኩንታል አረንጓዴ ዝቃጭ ትሆናለች። እርስዎም በብር የገዙት ነው።

አሁን ወደ ስፋቱ። ማሳው ለጥ ያለ፣ ተዳፋቱ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ 10 ሜትር ይተዉ። ከ5 እስከ 15 በመቶ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ቀጥ ካለ 30 ሜትር። የሚለካው ግን በግንቦት ውሃው ከቆመበት ሳይሆን በክረምት ከሚደርስበት ከፍተኛ ምልክት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ተከትሎት ይወርዳል፣ ያን ይዘራል፣ ክረምት ሲመጣ የታረሰው አፈር ከነማዳበሪያው ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ሐይቁ የሚሸሽ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀድሞ ደሴት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር ይገባበታል።

የተውት መሬት ጦም አያድርም። በሦስት ከፍለው ያስቡት። ውሃው ጫፍ ላይ ያለውን ፊላ፣ ቀጠማና ደንገል አይንኩት። ቆሮሶ የሚራባው እዚያ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር አሸዋውን በአፉ እያነሳ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ መልሳ በአፏ ትይዘዋለች፣ ጫጩቶቹም እስኪጠነክሩ ከአፏ ብዙ አይርቁም። ፊላው ሲታጨድ ወይም ዳሩ በበሬ ሲረገጥ የሚጠፋው ይህ ማሳደጊያ ነው። ለጣሪያና ለምንጣፍ ማጨድ ካለብዎ በበጋ፣ በፈረቃ፣ ከሥሩ ሳይሆን ከውሃው በላይ ይጨዱ፤ ከውሃ በታች የተቆረጠ ፊላ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ከዚያ በላይ ያለው መካከለኛው ክፍል የዛፍ ነው፦ አኻያ፣ ዶቅማ፣ ዋንዛ። ማንጎና አቮካዶም ይሆናል፤ ግን እዚያ ክፍል ላይ ማዳበሪያም ርጭትም አይግባ። ባህር ዛፍ አያስገቡ። አኻያ ችግኝ አያስፈልገውም። አውራ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ፣ የታችኛውን ጫፍ ያሹሉ፣ ሁለት ሦስተኛውን መሬት ውስጥ ይቅበሩ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሁን። ተገልብጦ የተተከለ ቅርንጫፍ ይደርቃል። የተቆረጠው ሳይደርቅ በዚያው ቀን ይተከል፤ ካልሆነ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ይቻላል።

ማሳው ጫፍ ላይ ደግሞ ሣር። የዝሆን ሣር ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ሆኖ ሁለቱ አንጓ አፈር ገብቶ፣ ዘመም ብሎ ይተከላል። በረድፍ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 50 ይተዉ። ማሳዎ ውሃውን በ40 ሜትር ርዝመት የሚነካ ከሆነ ለአራት ረድፍ 320 ቁራጭ ይበቃል። ጎርፉ ኃይለኛ ከሆነ ከላይ አንድ ረድፍ ቬቲቨር በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጠበቅ አድርገው ይጨምሩ፤ ውሃውን የሚያዘገየው እሱ ነው። ሣሩ 1 ሜትር ሲሞላ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር አስተርፈው እያጨዱ ለከብት ይስጡ። ማጨዱ አማራጭ አይደለም። ሣሩ የጠጣውን ፎስፈረስ ተሸክሞ የሚወጣው ሲታጨድ ነው፤ እዚያው ከበሰበሰ የያዘውን መልሶ ለሐይቁ ያስረክባል።

ባፈር ተክለው ምንም ለውጥ የማያዩ ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ውሃው በሣሩ ላይ ተበትኖ አያልፍም፣ አንድ ቀዳዳ አግኝቶ በዚያ ይሮጣል። ቀዳዳው የሞተሩ ቱቦ የሚያልፍበት ቦይ ነው፣ ወይም ከብት የሚወርድበት መንገድ ነው፣ ወይም ትልሙ ራሱ ወደ ሐይቁ ቁልቁል የወጣ ነው። የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ትልሞች ከዳሩ ጋር አግድም ያውጡ። ቱቦውን በሣሩ ላይ ያሳልፉት፣ አይቅበሩት። ለከብቱ በአንድ ቦታ ብቻ 3 ሜትር ስፋት ያለው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ሰያፍ የሆነ መውረጃ ያብጁና ቀሪውን በእሾህ ይጠሩ። ጥሩ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘው ወጥተው ውሃው የት እንደሚያልፍ ይዩ፤ የአንድ ሰዓት ዝናብ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል።

ስለ መርጫው ሳይጠየቁ የምንናገረው አለ። መርጫ ሐይቁ ውስጥ አይታጠብም። በተለይ ፒሬትሮይድ የሚባሉት የነፍሳት መድኃኒቶች ለአሳ እጅግ አደገኛ ናቸው፤ በጣም ጥቂቱ ይገድላል። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ በትንሽ ውሃ ያለቅልቁና እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምረው ማሳው ላይ ይርጩት።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ አንድ ማሳ ብቻውን ሐይቁን አያጠራም። ለእርስዎ ግን ዳሩ በማዕበል መሸርሸሩ ይቀንሳል፣ የሞተርዎ መሳቢያ በደለል አይዘጋም፣ የበጋ መኖ ያገኛሉ። ነገሩን በቅሬ (በእድር) አንሱት። ባለሙያ መጥቶ ከሚነግረው ይልቅ በቅሬ የተስማማ ሰፈር ዳሩን ሲጠብቅ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ ከመንደራችን በላይ ያለውን ቦረቦር በዘመቻ የድንጋይ ክትር ሠራንለት። ስድስት ክትር ነበር፤ ሐምሌ ላይ አራቱ ፈረሱ፣ ቦረቦሩም ከበፊቱ ሰፋ። ጋቢዮን ካልመጣ አይቻልም ማለት ነው? (ከኩታበር)

መልስ፦ ጋቢዮን ሽቦ ነው፤ በስህተት የተሠራ ክትር ሽቦ ቢታሰርበትም ይፈርሳል፣ ያውም በውድ። መጀመሪያ የፈረሱት እንዴት እንደፈረሱ ሄደው ይዩ። ድንጋዩ በቦታው ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ አዲስ መንገድ ከተቆፈረ፣ ክትሩ መሃሉ ከጎኑ እኩል ወይም ከፍ ያለ ነበር ማለት ነው፤ ውሃው መሃል ማለፊያ ሲያጣ በጎን ዞረ። ክትሩ ወደ ፊት ተደፍቶ ከሥሩ ጉድጓድ ከታየ፣ የሚወድቀውን ውሃ የሚቀበል ንጣፍ አልነበረውም። ድንጋዩ ተበትኖ ርቆ ከተገኘ፣ ድንጋዩ ድቡልቡል ነው ወይም መሠረት አልተቆፈረለትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይቆፈር፣ ሁለቱም ጫፍ በቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይግባ። የክትሩ ቁመት ከ1 ሜትር አይብለጥ። መሃሉ ከጎኖቹ ቢያንስ በ30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበልና ስፋቱ ጎርፉ በተለምዶ የሚሄድበትን ያህል ይሁን። ከፊት ለፊቱ የክትሩን ቁመት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ንጣፍ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን መሬት ውስጥ ቀብሮ ይሠራ። ትልልቁና ማዕዘን ያለው ድንጋይ ከውጭ፣ ትንንሹ ከውስጥ። እንደ ካብ ይካብ እንጂ አይከመር።

ርቀቱ በግምት አይወሰንም። የታችኛው ክትር ማፍሰሻ ከላይኛው ክትር እግር ጋር በውሃ ልክ እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ ቦረቦሩ በ60 ሜትር ርዝመት 6 ሜትር ቢወርድ፣ የእያንዳንዱ ክትር ማፍሰሻም ከወለሉ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ 6 ለ0.75 ሲካፈል 8 ክትር ነው፤ በየ7 ሜትር ተኩሉ አንድ ማለት ነው። የናንተ ስድስቱ ምናልባት ትንሽ ነበሩ። ለልኬቱ በክር ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ልክና ሁለት እኩል ዘንግ ይበቃል።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይውረድ። ከቦረቦሩ ራስ በላይ ያለው ማሳ እርከን ከሌለው፣ ከታች የሚሠራ ክትር ሁሉ የየዓመት ዕዳ ነው። ከደሴ በስተደቡብ ባለው ማይባር ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር መታጠብ ሲለካ ኖሯል፤ አፈር በብዛት የሚሄደው መሬቱ ታርሶ ገና ሳይሸፈን በሚመጡት ጥቂት ከባድ ዝናቦች መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ የቦረቦሩን ራስ የሚመታውን ጎርፍ ከሰኔ በፊት በመቀልበሻ ቦይ ወደ ሣር መሬት ያዙሩት። ወደ ሌላ ሰው ማሳ ግን አይሁን፤ ያ ቦረቦር ማዛወር እንጂ ማዳን አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አፈሩ ዋልካ ከሆነ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከክትሩ ሥር ዋሻ ያወጣል። እዚያ ድንጋይ ከመካብ ይልቅ ገደሉን ጠርቦ ማዘንበል፣ በቅርንጫፍ መከተርና ቶሎ ሣር መትከል ይሻላል። በየትኛውም አፈር ላይ ቢሆን ከክትሩ ኋላ ደለል እንደተኛ በዚያው ክረምት የዝሆን ሣርና አኻያ ይተከልበት። ድንጋዩ ጊዜ መግዣ ነው፤ ቦረቦሩን የሚይዘው ሥር ነው። ከብት ከገባበት ደግሞ ሁለቱም የሉም።

ጥያቄ፦ ቦርከና አንዳንድ ቀን ቀለሙ ይለወጣል፣ ይሸታል። ከዚህ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ የሚያጠጡ አሉ። መብላት እንችላለን? ለማንስ ነው የሚነገረው? «ማስረጃ አምጡ» እየተባልን ነው። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ቀለም ያስደነግጣል፤ ግን ከሁሉ የከፋው ቀለሙ አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ቀለምና ሶዳ ያመጣል፤ የቢራና የምግብ ፍሳሽ ደግሞ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ይጨርሳል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውም ያኔ ነው። ከቆዳ ማለስለሻ የሚመጣው ክሮሚየም ግን ውሃው ጠርቶም ሊኖር ይችላል። በዚያ ላይ ከደሴ ጀምሮ የሚገባው የሽንት ቤት ፍሳሽና ቆሻሻ አለ።

ቅጠላ ቅጠል ከሌላው ሰብል ይልቅ ብረት ነክ መርዞችን በቅጠሉ ይይዛል፣ ጥሬውንም ይበላል። ማጠብ አቧራውንና የተወሰነ ጀርም ያስወግዳል፤ ሥሩ የሳበውን አያወጣም። ስለዚህ ከፍሳሽ መግቢያ በታች ባለ ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ባይመረት፣ ቢመረትም ጥሬውን ባይበላ እንመክራለን። በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ለሽያጭ የሚሆን ችግኝ ይሻላል። ለመስኖ ውሃ በሰፊው የሚሠራበት ወሰን ክሮሚየም በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ጥሬ ለሚበላ አትክልትም የሰገራ ጀርም በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 እንዳይበልጥ ይላል።

ማስረጃውን እንዲህ ሰብስቡ። ሦስት ቦታ ምረጡ፦ ፍሳሹ ከሚገባበት በላይ፣ ልክ ከገባ በኋላ ውሃው በደንብ የተደባለቀበት፣ እና ከዚያ ራቅ ብሎ ታች። የላይኛው ከሌለ ማስረጃው አይቆምም፤ «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ይባላችኋል። በሦስቱም ቦታ በአንድ ቀን፣ በተቀራራቢ ሰዓት ቅዱ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ የረገጣችሁት ጭቃ ቀጣዩን ናሙና እንዳይበክል። ጠርሙሱን በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ፣ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ ከመሃል ቅዱ። ለጀርም የሚሆነው ናሙና ግን ከላቦራቶሪ በተሰጠ ንጹህ ጠርሙስ፣ ሳይለቀለቅ፣ በበረዶ ሳጥን ተይዞ በዚያው ቀን ይድረስ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቀለም፣ ሽታ፣ የሚቀዳው ሰው ስም እዚያው ይጻፍ። በፒኤች ወረቀት መለካት ርካሽ ነው፤ ጤነኛ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ውስጥ ነው።

ላቦራቶሪ ከሌለም ድንጋይ ገልብጡ። ፍሳሽ የሚለቀቀው በሌሊት ቢሆንም ድንጋዩ ሥር የሚኖሩት ትሎች እዚያው ስለሚያድሩ ያለፈውን ሳምንት ይመሰክራሉ። በላይኛው ቦታ ጎናቸው ላይ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያላቸውና ብዙዎቹ ሦስት ጭራ የሆኑ ጠፍጣፋ ነፍሳት፣ ወይም ከአሸዋ ቅንጣት ቱቦ ሠርተው የሚኖሩ ትሎች ካገኛችሁ ውሃው አየር አለው። ከታች ቀያይ ቀጫጭን ትልና አልቅት ብቻ ከቀረ ልዩነቱን የሚያመጣው በመካከል የገባው ነገር ነው። በየቦታው እኩል አሥር ድንጋይ ገልብጣችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ።

የሚነገረው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፣ የተቀበለበት ቀን ያለበት ቅጂ ያዙ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የመንደራችን ምንጭ እየደከመ ነው። ከላዩ የባህር ዛፍ ተክል አለ። ይነቀል የሚሉና አይነካ የሚሉ ተጣልተዋል። (ከደላንታ)

መልስ፦ ከመጣላት በፊት ለኩ። 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ማለዳ ሰው ሳይቀዳ መዝግቡ። በ100 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 0.2 ሊትር ነው፤ በቀን 17,280 ሊትር፣ ለአንድ ሰው 20 ሊትር ቢታሰብ ለ864 ሰው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ስንት እንደሆነ ስታዩ ክርክሩ በቁጥር ይሆናል። የአንድ ዓመት ዝናብ ብቻም ምንጭ ያደክማል፣ ያበረታልም።

ባህር ዛፍ የላይኛውን የአፈር ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ምንጩ የሚመገበው ከቅርብ ከሆነ ይጎዳዋል። ከምንጩ በላይ ባለው በ50 ሜትር ዙሪያ ያለውን ቁረጡት እንጂ ጉቶውን አትንቀሉት፤ ቁፋሮው የምንጩን ዓይን ሊያናጋና ሊያዛውር ይችላል። ጉቶው ሲያቆጠቁጥ በየሁለት ወሩ ይመልመል፣ ቅርፊቱ እስከ አፈሩ ድረስ ተልጦ አፈር ይልበስ። ናፍጣ ወይም መድኃኒት እንዳታፈሱበት፤ ነገ የምትጠጡት ነው። በምትኩ ሾላና ዶቅማ ትከሉ። ዙሪያውን ቢያንስ 10 ሜትር አጥሩ፣ ከአጥሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አውጡ፣ የከብት ገንዳውን ከታች 20 ሜትር አርቃችሁ በቧንቧ ሥሩለት። በመጀመሪያው በጋ ለውጥ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጨፋ ላይ ለእርሻ ተብሎ ቦይ ተቆፍሮ ረግረጉ ደረቀ። በጋ ላይ ሣር የምናገኝበት እሱ ነበር። ቦዩን ብንዘጋው ይመለሳል? (ከከሚሴ)

መልስ፦ አፈሩ ካልተቃጠለና በጣም ካልታረሰ ይመለሳል፤ ቀጠማና ሣሩ ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ መልክ ይይዛል። ቦዩን አፉ ላይ በአንድ ትልቅ ግድብ መዝጋት ግን አይሠራም። ውሃው ተጠራቅሞ አንድ ሌሊት ይጥሰዋል። ከላይ ጀምሮ በየቦታው መድፈን ነው፦ የቦዩ ወለል ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር አንድ ድፍን። እያንዳንዱ በቦዩ ርዝመት ቢያንስ 3 ሜትር ይያዝ፣ ከዚያው የረግረግ ጭቃ በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተረገጠ ይሞላ፣ ከመሬቱ ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሲረጋ ይወርዳልና። ሁለት ጎኑ ላይ ክንፍ ሆኖ ወደ ሣሩ ይግባ፣ ውሃው ወደ ቦዩ ሳይመለስ ሜዳው ላይ እንዲበተን። አሸዋና ድንጋይ አይሆንም፤ ያሾልካል።

ሥራው ግንቦት ላይ፣ መሬቱ ሰው ሲችል ይሠራ። ከዚያ በፊት ግን ቦዩን የቆፈረው ሰው ይስማማ። ጨፋ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ በበጋ ከአፋር በኩል የሚመጣው ከብትም እዚያው ያድራል። ያልተስማማ ሰው የደፈናችሁትን በአንድ አካፋ ይከፍተዋል።

ጥያቄ፦ ሌሊት ነፋስ ሲያድር ጠዋት ሐይቁ ላይ አሳ አፉን ከፍቶ ይንሳፈፋል፣ የሚሞትም አለ። መርዝ ነው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ከነፋስ በኋላ በማለዳ የሚታይ ከሆነ ግን የበለጠ የሚያጠራጥረው የአየር እጥረት ነው። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ሞቃቱ ውሃ ላይ፣ ቀዝቃዛው ታች ሆኖ ሳይደባለቅ ይኖራል፤ ታችኛው ዝቃጩ ሲበሰብስበት አየሩን ይጨርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ላይኛው ቀዝቅዞ ይከብዳል፣ ነፋስ ሲጨመርበት ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ አየር የሌለውም ወደ ላይ ይወጣል። መለያው ይህ ነው፦ በአየር እጥረት ሲሆን ትላልቁ አሳ ቀድሞ ላይ ላዩን ይተነፍሳል፣ አየርን ከላይ መሳብ የሚችለው አምባዛ ግን ይተርፋል፣ ፀሐይ ሲወጣም ይቀንሳል። አምባዛውም፣ እንቁራሪቱም፣ ውሃ ላይ የሚሮጡት ነፍሳትም አብረው ከሞቱ፣ ወይም በአንድ ዳር ብቻ ከሆነ፣ መድኃኒት ወይም የብርብራ ፍሬ ተጨምሮ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለወረዳው አሳውቁ፣ የሞተውንም አትብሉ፣ አትሽጡ። ምክንያቱ ምንም ቢሆን ተንሳፍፎ የተገኘ አሳ ለገበያ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አርዲቦ ውስጥ ካርፕ ብንጨምር ምርት አይጨምርም? (ስም ያልጠቀሱ)

መልስ፦ አይጨምሩ። ካርፕ ደለሉን እየቆፈረ ስለሚበላ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የዳሩን ተክል ይነቅላል፣ የተቀበረውን ፎስፈረስም መልሶ ያነሳል። አርዲቦ ውሃውን ወደ ሐይቅ ስለሚያወርድ የጨመሩት ዓሳ አርዲቦ ውስጥ ብቻ አይቀርም። አንዴ ከገባ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ይሠራ የነበረ ሰው መረብና ጀልባ ሊሸጥልን ነው። እምቦጭ አብሮ ይመጣል ይባላል፤ እውነት ነው? (ከሐይቅ፣ አሳ አስጋሪዎች)

መልስ፦ እውነት ነው። ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የታየው እምቦጭ በተመቸው ውሃ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ መሆን ይችላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያል። ትልቁን ቅጠል ሁሉም አይቶ ይጥለዋል፤ የሚያታልለው ከመረቡ ቋጠሮ ጋር የተጣበቀ የሥር ቁራጭና በጀልባው ወለል ስንጥቅ የቀረ ጭቃ ነው። መረቡን ከሐይቁ ርቆ ባለ ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ በእጅ ልቀሙ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በፀሐይ አድርቁ፣ በየቀኑ ገልብጡት። ጀልባውን በብሩሽ ፈግፍጋችሁ፣ ጭቃውን ሰብስባችሁ አቃጥሉ፤ ማጠቢያው ውሃ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቦይ ውስጥ አይፍሰስ። የድሮ መረብ ከሆነና ብዙ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ባትገዙት ይሻላል፤ ማጽዳቱ ከዋጋው ይበልጣል።